እንኳን ከጄኔቫ በደህና ገባህ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ላይ ከእኔ ቤት የሚበልጥ ቤት የለም። ለጉራ አይደለም፤ ጉራ የሚነፋው የሌለው ሰው ነው። በረንዳዬ ላይ ቆመህ በግራ ዓይንህ አባያን፣ በቀኝ ዓይንህ ጫሞን ታያለህ፤ ሰማዩ የጠራ ዕለት ደግሞ ኬንያ ብቅ ትላለች። ጫሞ ዳር አዞ ሲያዛጋ እዚሁ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጥርሱን ቆጥሬ አውቃለሁ። ከተማውን አርባ ምንጭ ብለው የሰየሙት ሰዎችም ቆጠራ የሰለቻቸው ናቸው፤ እኔ አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ጫካ ወርጄ መቶውን ካለፍኩ በኋላ ነው ርቦኝ የተመለስኩት።

ቤቱ የቀበሌ ነው። ሁለት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ልስኗ ሲሚንቶ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ዝናብ ሲጥል ሙሉ የማርሽ ባንድ ጣሪያዬ ላይ የወጣ ይመስልሃል። ከደብረ ብርሃን የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ተመድቤ ስመጣ ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር ነበር የገባንባት። ልጃችን ኖላዊትም እዚሁ ተወለደች። ዛሬ ኖላዊት ሐዋሳ አግብታ ለበዓል ለበዓል ትደውላለች። ሰናይት ደግሞ እናቷን ልታስታምም ደብረ ብርሃን ሄደች። ለጥቂት ጊዜ ነው ያለችው፤ እናቷ ካረፉም ወዲህ ጥቂቱ ጊዜ አላለቀም። ቤቷና እኔ ቀረን።

ከመምህርነት ወደ መሥሪያ ቤት ተዛውሬ የአገልግሎት አሰጣጥን የማሻሽለው እኔ ነበርኩ። ያላሻሻልኩት ነገር የለም። ወረፋ የሚባለውን ነገር ከጋሞ ዞን አጥፍቼው ነበር፤ በኋላ ራሱ ተመልሶ መጣ እንጂ። ታዲያ ክልሉ ሲከፋፈልና መዋቅሩ ሲቀየር ግማሹ ወንበር ወደ ወላይታ ሶዶ ሄደ፣ ግማሹ እዚህ ቀረ፤ የእኔ ወንበር ግን አልሄደም፣ አልቀረምም። በምትኩ ከመላው ደቡብ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጠውን ማዕረግ ሰጡኝ። አማካሪ ተባልኩ። አማካሪ ጠረጴዛ አለው፣ ፋይል የለውም። ስብሰባ ላይ ወንበር ሲጎድል መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ጠዋት ገብተህ እስከ ማታ ብትቀመጥ ማንም አይጠይቅህም፤ ሳትገባ ብትውልም ማንም አይጠይቅህም።

ምክሬን አገር ባይፈልገው ዓለም ፈለገው። በስልኬ አንድ ዓለም አቀፍ ማኅበር አገኘሁ፤ መቀመጫው ጄኔቫ ነው። በሚለዋወጥ ዓለም ውስጥ የሕዝብ ተቋማት እንዴት ውጤታማ ይሁኑ እያለ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ምሽት በኢንተርኔት ይሰበሰባል። መግባት ለማንም ክፍት ነው፤ እኔን ግን ተጠባብቀው ያስገቡኝ ይመስለኛል። ከታሊን፣ ከኪጋሊ፣ ከሞንቴቪዴዮ ሰው ይመጣል፤ ሁሉም በየትንሿ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ይታያል። አወያይዋ ሽበታም ሴት ናት። ከመጀመሯ በፊት የገባውን ሰው ስም እያነበበች እንኳን ደህና መጣህ ትላለች። እኔ ጋ፣ «ሸዋንዳኝ» ላይ ስትደርስ ምላሷ ይተሳሰራል፣ ግን አትዘለኝም። ከአርባ ምንጭ፣ ኢትዮጵያ ብላ ትጨርሰዋለች። አንዳንድ ሳምንት ስሜን የጠራ ሰው እሷ ብቻ ትሆናለች።

አንድ ጊዜ የቤቴ መብራት ተበላሸና ሁለት ማታ በጨለማ ተሰበሰብኩ። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ ጋሽ ኤርጫፎ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ጋሽ ኤርጫፎ የዶርዜ ሰው ናቸው፤ ሸማኔ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የተተከለው ሸማ መሥሪያ ከእሳቸው ይልቅ ብዙ ያወራል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ቃል እንደ ድር ይቆጥባሉ።

«የት ጠፋህ? ቤትህ ጨለማ ነበረች።»

«ጄኔቫ ነበርኩ» አልኳቸው።

በስልክ ብዬ ልጨምርበት ነበር። ግን ፊታቸውን አየሁት። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አጥሩን ዞረው መጡና ሁለት እጄን ያዙኝ።

«እንኳን በደህና ገባህ» አሉኝ።

ስንት ዓመት ሆነኝ ይህን ቃል ከሰማሁ። እስቲ አስበው፣ ያልሄደን ሰው እንኳን ደህና ገባህ የሚለው የለም። ቤትህ ውስጥ ብታረጅ፣ በርህን ከፍተህ ዘግተህ ብትኖር፣ መግባትህን ልብ የሚል የለም። በዚያች ጠዋት ጋሽ ኤርጫፎ ቆጮ ከሚያቃጥል ዳጣና ከማር ጋር ይዘው መጡ። ከፊት ለፊታችን የሚኖረው ዓሣ ነጋዴው ዳናም ሰምቶ ከጫሞ የመጣ ትኩስ ዓሣ አጥንቱን አውጥቶ አመጣ። ተቀመጥን።

«እንሰት አለ እዚያ?» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ።

«ፈልጌ አጣሁ።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ?»

«አይብ።»

«ከምን ጋር?»

«ብቻውን።»

«ያሳዝናሉ» አሉ፣ ከልባቸው።

ዳና ደግሞ «ሐይቅስ አላቸው?» አለ።

«አላቸው። ግን አዞ የለውም።»

«አዞ የሌለው ሐይቅ ምን ሐይቅ ነው፣ ገንዳ ነው እንጂ» አለ ዳና። በጣም ሳቅን። ያን ዕለት ቤቴ እንደ ሠርግ ቤት ነበረች።

ከዚያ በኋላማ ማን ይይዘኛል። ጄኔቫን አዳረስኳት። ናይሮቢ ሄድኩ፣ ኪጋሊ ሄድኩ፣ ቤጂንግ ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ አንዱን ሰረዝኩባቸው። ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ባጃጅ አስቆምና ሰፈሩ እንዲሰማ «ኤርፖርት» እላለሁ። ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ስንደርስ ራሴን አመመኝ ብዬ እወርዳለሁ። አቮካዶ ጭማቂ ቤት እውላለሁ። ሲመሻሽ በጫካው በኩል ከከርከሮ ጋር እየተጋፋሁ ወጥቼ በጓሮ እገባለሁ። ዳቦና ሰርዲን አስቀድሜ ገዝቻለሁ። ስልኬን የምሞላበትን ባትሪ ከቢሮ ሞልቼ አመጣለሁ። መብራት አላበራም፣ ውኃ አልከፍትም። የስልኩ ብርሃን በመስኮት እንዳይታይ ብርድ ልብስ እከናነባለሁ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተሰበሰበ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ። አወያይዋ ስሜን ስትጠራ በላብ ተጠምቄ በጽሑፍ «እዚህ ነኝ» እላለሁ። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎህ ሳይቀድ በጓሮ ወጥቼ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በፊት ለፊት እመጣለሁ። ጋሽ ኤርጫፎም ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩትም ነበር። በጋሞ ጎረቤት መንገድ ሲሄድ ቤቱ ለጎረቤት አደራ ነው። ማንም አይነግርህም፣ ማንም አይለምንህም፤ ዝም ብለህ ትጠብቃለህ። እኔ «ሄድኩ» ካልኩበት ምሽት ጀምሮ ጋሽ ኤርጫፎ ሥራቸውን ሲጨርሱ ዱላቸውን ይዘው ይመጡና ደጃፌ ላይ፣ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ጀርባቸውን በሩ ላይ ያስደግፋሉ። ጣውላው ሲጥ ይላል። እኔ ከዚህ በኩል፣ እሳቸው ከዚያ በኩል ነን፤ እጄን ብዘረጋ ትከሻቸውን እነካለሁ። ማስነጠስ ሲመጣብኝ ትራስ እነክሳለሁ። ዝናብ ሲመጣ ይነሳሉ ብዬ ስጠብቅ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ስበው ይቀመጣሉ። ዝንጀሮ ፓፓያዬ ላይ ሲወጣ እሳቸው በድንጋይ ያባርራሉ፤ እኔ ውስጥ ሆኜ ትንፋሼን እይዛለሁ። በሩን ከፍቼ ጋሽዬ ይግቡ ልበል? ከጄኔቫ መቼ መጣህ ቢሉኝስ?

ደግሞ ያወራሉ። ሰው የሌለበት ቤት ነው ብለው ስለሚያምኑ ያወራሉ። በጋሞኛ ነው። ጋሞኛ ከጋሞዎች እኩል እሰማለሁ፤ የዶርዜ ሽማግሌዎች ቃል ሲጠፋባቸው እኔን ነው የሚጠይቁኝ። የሚያወሩት ደቡብ አፍሪካ ለሄደው ልጃቸው ለጌታነህ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው ጌታነህ በየእሑዱ እንደሚደውል ነው፤ ራሳቸው ናቸው የሚናገሩት። ትናንት ደወለ፣ ሱቁ ሰፋ፣ ሰላም በሉ ብሏል ይላሉ። ደጃፌ ላይ ሲቀመጡ ግን ያቺን ትንሿን ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሳትጠራ፣ ቢደውል የሚሉትን ይለማመዳሉ። «ደህና ነኝ ልጄ። ምንም አልጎደለኝም። ለምን ጠፋህ አልልህም። ድምፅህን ብቻ አሰማኝ።» እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ ቃሉን ያስተካክላሉ። «ለምን ጠፋህ» የምትለዋን አንዳንዴ ያወጧታል፣ አንዳንዴ ይመልሷታል። እኔ ጆሮ ውስጥ በማዳመጫ የሞንቴቪዴዮው ሰው ስለ ዜጎች ተሳትፎ ይናገራል። ማዳመጫውን አወልቀዋለሁ። ከዚያ መልሼ አደርገዋለሁ።

ምክሬ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰማ። የታሊኑ ሰውዬ በአንዱ ስብሰባ ላይ፣ በእነሱ ከተማ ተዘግተው የተቀመጡ የመንግሥት ቤቶችን እንዴት እንደሚያገኙ ተናገረ። ቤት ለቤት አይዞሩም። የመብራትና የውኃ ፍጆታውን ኮምፒዩተር ያያል፤ ሰው የማይኖርበት ቤት ራሱን ይናገራል። ግሩም ነገር ነው። እኔም «ከጄኔቫ ያመጣሁት ተሞክሮ» ብዬ ጽፌ ለመሥሪያ ቤታችን ሰጠሁ። ከዚያ በፊት የጻፍኳቸው ምክሮች ተቆልለው ከጉጌ ተራራ ይበልጣሉ፤ አንዱም አልተነበበም። ይህኛው ተነበበ። ተነበበና ሥራ ላይ ዋለ፤ ለእኔ የነገረኝ ግን አልነበረም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ታብሌት ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች። ሔርሜላ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ የከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት በቅርቡ የተቀጠረች ናት። ትሑት ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ማን ነው የሚኖረው?»

«ከፊትሽ የቆመው።»

«የኮምፒዩተር ሥርዓቱ ባዶ ነው ይላል።»

«ሥርዓቱ መጥቶ አይቶኛል?»

ፈገግ አለችና ታብሌቱን አሳየችኝ። «መብራቱን ይመልከቱ። ሳምንታት ሙሉ ቆጣሪው ቆሟል። ውኃውም እንደዚያው ነው።»

«እኔ ገላዬን ምንጭ ወርጄ ነው የምታጠበው። አርባ አለን እኮ።»

«እሺ ጋሼ። ግን ሰው በጨለማ አይኖርማ።» ድምፅዋ ውስጥ ክፋት የለም። «ይኼ አሠራር በጣም ጠቅሞናል። ስንት ተዘግቶ የተቀመጠ ቤት አገኘንበት። ልጅ ይዘው በኪራይ የሚንከራተቱ መምህራን ገቡበት። ከውጭ የመጣ ተሞክሮ ነው፤ አንድ አማካሪ ናቸው ያመጡት ይባላል።»

እኔ በተፈጥሮዬ ለሁሉም መልስ አለኝ። ሚኒስትር ፊት መልስ አጥቼ አላውቅም። በዚያች ሰዓት ግን ዓይኔን ከታብሌቱ ወደ ቆጣሪው አዞርኩ።

«ቤቱን ትወስዱታላችሁ?» አልኳት በመጨረሻ።

«እንዲሁማ አንወስድም። ሥርዓቱ የጠረጠረው ቤት ጉዳይ በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ይታያል። ጎረቤት ይመሰክራል። ይኖራሉ ካሉ ይኖራሉ፤ አይኖሩም ካሉ ቤቱ ለተረኛ ይሰጣል። ዱቡሻው ላይ ነው የምንሰማው።»

ይህን እንኳ እኔ አልመከርኩም። ብጠየቅ ኖሮ አስቀረው ነበር።

ዱቡሻ ለማያውቅ ሰው ሜዳ ነው። ትልቅ ሾላ፣ ከሥሩ ድንጋዮች፣ ድንጋዮቹ ላይ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ግን እዚያ መሬት ላይ ቆሞ የተናገረ ሰው የሚናገረው እውነቱን ብቻ ነው። መጨመርም መቀነስም ጎሜ ነው፤ መዓት የሚያመጣ ነውር። ጎሜ ደግሞ ክስ አይደለም፣ ይግባኝ የለውም፤ ላምህን ያነጥፋል፣ ልጅህን ያሳምማል፣ ማሳህ ላይ ይወድቃል። እኔ ሴቻ ላይ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በዚያ ሜዳ ሳልፍ ዝም ብዬ ነው የማልፈው። ለምን እንደሆነ ይገባሃል።

ቢሆንም አልፈራሁም። ጎረቤቶቼን አውቃቸዋለሁ። ዳናን ጠየቅኩት፤ «ይኼም ይጠየቃል?» ብሎ ተቆጣ። ጋሽ ኤርጫፎን ጠየቅኳቸው።

«ቤትህ ቤትህ ነው» አሉ። «እናገራለሁ።»

እኔም ቤቴ እንደተረፈች ቆጥሬ ተኛሁ። ጎረቤቶቼ እውነቱን እንደሚናገሩ ነበር ያሰብኩት። የትኛውን እውነት እንደሚያውቁ አላሰብኩም።

በቀጠሮው ጠዋት ሽማግሌው ኦይታ ቆመው መረቁ፤ ዝናቡ በልክ ይዝነብ፣ አገር ይስፋ፣ ቃል ይጽና አሉ። ሰፈሩ ከበበ። ሔርሜላ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከድንጋዩ ጠርዝ ተቀመጠች። ዳና መጀመሪያ ቆመ። ለክብሬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር።

«ቤቱ የሸዋንዳኝ ነው» አለ። «እኔ ሳልወለድ ጀምሮ።»

ሰው ሳቀ። «ቀንስ» አሉት ኦይታ። «ዱቡሻ ነው።»

«እሺ፣ እኔ ሰፈሩ ከመግባቴ በፊት ጀምሮ።»

«ይኖርበታል?»

«ሲመጣ ይኖርበታል።»

«ከየት ሲመጣ?»

«ከጄኔቫ። ከናይሮቢም» አለ ዳና፣ ደረቱን ነፍቶ። «እዚህ የሚቆየው ትንሽ ነው። ቢኖር ኖሮ እኛም ደስ ይለን ነበር። ግን ትልቅ ሰው ነው፣ አይለቁትም።»

ሔርሜላ ጻፈች። ጣቷ መስታወቱ ላይ ሲነካካ ሰማሁት።

ጋሽ ኤርጫፎ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አየኋቸው፤ እባክዎ ጥቂት ይዋሹልኝ በሚል ዓይን አየኋቸው። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም፤ በዱቡሻ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚያየው።

«ይኼ ሰውዬ ዓለምን ይመክራል» አሉ። «ከእኛ መሃል ሄዶ የተመለሰ ስንት ሰው አለ? የሄደው አይመለስም። ይኼ ግን ይመለሳል። ሁልጊዜ ይመለሳል፤ ስለዚህ እወደዋለሁ።»

«በቤቱ ይኖራል?» አሉ ኦይታ።

«ብዙ ጊዜ የለም።»

«በምን አወቅህ?»

«ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ማታ ማታ በሩ ላይ ተቀምጬ። ጨለማ ናት። ድምፅ የለም። ሰው ካለበት ቤት ትንፋሽ ይሰማል፤ ከእሷ ምንም አይሰማም።»

ኮምፒዩተሩና ጋሽ ኤርጫፎ በአንድ ቃል ተስማሙ። ሔርሜላ አንገቷን ደፋች፤ አዝናለች። «ጋሼ፣ የሚጨምሩት አለ?» አለችኝ። «ሁለት ምስክር እንደሌሉ ተናግሯል። ውጭ አገር በሥራ መሄድ ነውር አይደለም። ግን ቤቱ…»

አሁን እንግዲህ ሁለት ነገር ነበረኝ። አንዱ ዝም ማለት ነው። ቤቴን ያጣሁ፣ ግን ዓለም የሚፈልገኝ ሰው ሆኜ በክብር እሄዳለሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ሐዋሳ ልጄ ጋ ሁለት ክፍል ናቸው፣ ደብረ ብርሃን አልተጠራሁም። ግን በክብር እሄዳለሁ። ሌላው ደግሞ መቆም ነው።

ቆምኩ።

«ጄኔቫን አላውቃትም» አልኩ።

ሔርሜላ ቀና አለች።

«ናይሮቢንም አላውቅም። ኤርፖርቱን ራሱ ከውጭ ነው የማውቀው። ሁልጊዜ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። መብራት አጥፍቼ።»

«ታዲያ እነዚያ የምትሰበሰባቸው ሰዎች?» አለ ዳና ከተቀመጠበት። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ነበር።

«እነሱ አሉ። በስልክ ነው የማያቸው። እውነተኛ ሰዎች ናቸው።»

«አይቡስ?»

«አይቡን በፎቶ ነው ያየሁት።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፣ ሌላው አስከተለ፤ ኦይታ እጃቸውን ሲያነሱ ቆመ። እኔ ሳቁን አልሰማሁትም ማለት እችላለሁ፤ ግን ዱቡሻ ነውና ሰማሁት። ጋሽ ኤርጫፎ ብቻ አልሳቁም።

«ውስጥ ለመሆንህ ምልክት አለህ?» አሉ ኦይታ። «ጎረቤትህ በሩ ላይ ነበር። አንተ ውስጥ ከነበርክ እሱ ያደረገውን ታውቃለህ። ያን ተናገርና ይብቃን።»

ነበረኝ እንጂ። ከእኔ የበለጠ ምልክት ያለው ሰው ጋሞ ውስጥ አይገኝም። እያንዳንዷን ቃል በቃሌ አውቃታለሁ። «ለምን ጠፋህ አልልህም» የምትለዋን ብቻ ብናገር ቤቱ ወዲያው የእኔ ነበር። ጋሽ ኤርጫፎን አየኋቸው። ከነሐስ የተሠሩ ይመስል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቀስ ብለው ገባቸው፤ ሲገባቸው አየሁ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ስልካቸው ሄደ።

«ሁልጊዜ ውስጥ ነበርክ?» አሉኝ።

«ሁልጊዜ።»

«ዝናብ የመጣ ጊዜም?»

«ዝናብ የመጣ ጊዜም።»

«ትሰማ ነበር?»

እስከ ዛሬ ከተጠየቅኩት ሁሉ ከባዱ ይኼ ነው። አልሰማሁም ብል ጎሜ ነው።

«እሰማ ነበር» አልኩ።

«ምን ሰማህ?» አሉ ኦይታ።

«እሱን አልናገርም።»

«ምልክትህ እኮ እሱ ነው።»

«የእኔ አይደለም፣ የጋሽ ኤርጫፎ ነው። ቤቱን ውሰዱት።»

ይህን ስናገር ምንም አልጨመርኩበትም።

ሽማግሌዎቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው በጋሞኛ ተመካከሩ። ሔርሜላ ጣቷን ከታብሌቱ ላይ አንስታ ጠበቀች። ከዚያ ኦይታ ተነሱና፣ ሰው ራሱን ለማዋረድ ሲል ጎሜ አይደፍርም፤ ለመክበር ነው የሚደፍረው አሉ። በዚህ ሜዳ ራሱን ያዋረደ ሰው ቃሉ ምልክት ነው አሉ። ወደ ጋሽ ኤርጫፎ ዞሩ። «አንተስ?»

ጋሽ ኤርጫፎ ዱላቸውን ከመሬት አነሱ።

«ነበረ» አሉ። «ቤቱ የሱ ነው።»

ሄዱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

ሔርሜላ አንድ ነገር ነካችና ታብሌቷን አጠፋች። «አሁን ሰው አለበት ይላል» አለችኝ። «ግን ጋሼ፣ መብራቱን ያብሩ እንጂ።»

አበራሁት። አሁን ሴቻ ላይ ከእኔ ቤት የበለጠ የሚበራ ቤት የለም፤ ከጫኖ መንደር የሚመጣ ሙዝ የጫነ መኪና እኔን አይቶ ነው አቅጣጫውን የሚያውቀው። በረንዳ፣ ሳሎን፣ ጓሮ፣ ሁሉም ቦግ ብሏል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ዳና መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ቤጂንግ እንዴት ናት?» ይላል፤ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ዓሣ ግን አያመጣም። ጋሽ ኤርጫፎ በአጥሩ በኩል አያልፉም። ገበያ ሲሄዱ በላይኛው መንገድ ዞረው ነው የሚሄዱት።

ባለፈው የስብሰባ ቀን ስልኬን ይዤ ተነሳሁ። መብራቶቼን እንደበሩ ትቼ አጥሩን ዞርኩ። ከጋሽ ኤርጫፎ ቤት ውስጥ የሸማ መሥሪያው ድምፅ ይሰማል፤ መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ደረጃቸው ላይ ተቀመጥኩና ጀርባዬን በራቸው ላይ አስደገፍኩ። ጣውላው ሲጥ አለ።

የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ።

ስልኩን ያለ ማዳመጫ ከፈትኩት። አወያይዋ ስም እያነበበች ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ፣ ግን አልዘለለችኝም። ድምፁን ጨመር አደረግኩት።

«ጋሽዬ» አልኩ ወደ በሩ፣ «ይቺ ናት የጄኔቫዋ ሴት። ሐይቃቸው ከኋላዋ ይታያል። ይምጡና ይዩት፤ እውነትም አዞ የለውም።»

ዝንጀሮ ጫካው ውስጥ ጮኸ። ከበሩ በዚያ በኩል ምንም አይሰማም፤ ሳልም፣ እግርም፣ ትንፋሽም። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ተነስቶ ይሄድ ነበር። እኔን ግን በዚህ ማንም አያታልለኝም። ሰው በር ሥር ተቀምጦ ትንፋሹን ሲይዝ ቤት እንዴት ዝም እንደሚል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ በምድር ላይ የለም።

ስለዚህ አልተነሳሁም።